ኮምፒውተሩ ሞቷል ከማለታችን በፊት

 

ዛሬ የምናወራው የመኪናን ሞተር ስለሚመራው ሳጥን ነው። በመጽሐፍ ስሙ የሞተር ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሞጁል ይባላል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ሁላችንም «ኮምፒውተር» ነው የምንለው። ይህ ኮምፒውተር ተበላሸ ሲባል እውነት ተበላሽቷል ወይ? ተበላሽቶ ከተገኘስ እንዴት ነው የሚቀየረው? ብዙ ሰው በዚህ ጉዳይ ያለ አግባብ ገንዘቡን ስለሚያወጣ ሰፋ አድርገን ልንነጋገርበት ወደናል።

ከጋአን ሊባህ እንነሣ። ጋአን ሊባህ ከሐርጌሳ ወረዳዎች አንዱ ነው። ሐርጌሳን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም፦ መኪና የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው፣ የአብዛኞቹ መኪኖች መሪም በቀኝ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪኖቹ ጃፓን ውስጥ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ፣ እዚያ ያገለገሉ፣ ከዚያ በቀጥታ ወይም በዱባይ በኩል በርበራ ወደብ ደርሰው 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድተው ከተማዋ የገቡ ናቸው። በብዛት ቶዮታ ናቸው፤ ቪትዝ፣ ማርክ ቱ፣ ሌላም ሌላም።

አሁን በዚያ ወረዳ የሚኖር አንድ ወገናችን ጠዋት ተነሥቶ ቪትዙን ሊያስነሣ ሞከረ እንበል። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ባትሪው ደህና ነው፣ ቤንዚን አለ። ተጎትታ ጋራዥ ትገባለች። መካኒኩ ስካነር ይሰካል፤ ስካነሩ ይፈልግ ይፈልግና ምንም ሳያገኝ ይቀራል።

«ኮምፒውተሩ ሞቷል ወንድሜ፤ ሌላ ማምጣት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ ግን?»

«ስካነሩ እኮ አልገናኝ አለ፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ባለቤቱ ዛድ በተባለው የስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ገንዘቡን ይልካል፤ ከፈረሰ መኪና የወጣ ሳጥን ይመጣል፣ ይገጠማል። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አሁንም አይነሣም። ሻጩ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አይመልስም። ይህ ታሪክ የጋአን ሊባህ ብቻ አይደለም፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ የሚንከራተት የአዲስ አበባ አሽከርካሪም በደንብ ያውቀዋል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ አሮጌው ሳጥን ለምን ዝም እንዳለ ሳይታወቅ አዲስ ሳጥን መገዛት የለበትም። ለዚህ የሚያስፈልገው ደግሞ ውድ መሣሪያ ሳይሆን አንድ ቴስተርና ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ሳጥኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንይ። ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክስ ትእዛዝ ወደ ሞተር መርጨት በብዛት በሚመረቱ መኪኖች ላይ የተስፋፋው የጀርመኑ ቦሽ በ1967 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲ ጄትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በቮልስዋገን ላይ ካወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርቡራተር እየቀረ ሄደ። ዛሬ ሳጥኑ ከሴንሰሮች መረጃ ይሰበስባል፦ ሞተሩ ስንት ዙር እንደሚዞር፣ ስንት አየር እንደገባ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ፣ እግራችን ምን ያህል ነዳጅ እንደረገጠ። ያንን አስልቶ ለኢንጀክተሩ «ይህን ያህል ርጭ»፣ ለቦቢናው «አሁን እሳት ስጥ» ይላል። በብዙ ቶዮታዎች ላይ የሚገኘው ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ መያዣ ጀርባ ነው፤ መጠኑ ከመካከለኛ መጽሐፍ አይበልጥም።

እንግዲህ ምርመራው። የመጀመሪያውን ማንኛችሁም ነገ ጠዋት ያለ መሣሪያ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ሞተሩን ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ዳሽቦርዱን ተመልከቱ። የሞተር ምስል ያለበት ቢጫ መብራት፣ ቼክ ኢንጂን የምንለው፣ ሊበራ ይገባል። ሞተሩ ሲነሣ ይጠፋል። ያንን መብራት የሚያበራው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። ቁልፍ ተከፍቶ መብራቱ ጨርሶ ካልበራ፣ ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ኮምፒውተሩ አልነቃም። አልነቃም ማለት ግን ሞቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተር እንዲነቃ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ኃይልና ማሳ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ማይነስ የሚመለስ መስመር። ኃይሉ ከባትሪ ተነሥቶ በፊውዝና በሪሌ በኩል ነው የሚመጣው። በቶዮታ የፊውዝ ሳጥን ላይ «ኢኤፍአይ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ፊውዝ ፈልጉ፤ በዓይን ማየት አይበቃም፣ በቴስተር መለካት አለበት። ከዚያ የኢኤፍአይ ሪሌው ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» ይላል ወይ? ከሳጥኑ ሶኬት ላይስ «+ቢ» የሚባለው እግር ጋ የባትሪው ቮልት ይደርሳል ወይ? ባትሪውም ቢሆን ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ችግሩ ከሱ ሊሆን ይችላል፤ ቮልቱ በጣም ሲወርድ ኮምፒውተሩ መሥራት ያቆማል።

ማሳው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ነው። የቶዮታ ኮምፒውተር ኢ1፣ ኢ01 እና ኢ02 በሚባሉ እግሮች በኩል ከሞተሩ አካል ጋር ይታሰራል። ሞተር ወርዶ የወጣ እንደሆነ፣ ቴስታታ ተፈትቶ የተመለሰ እንደሆነ፣ አንዲት የማሳ ብሎን ሳትጠብቅ ትቀራለች፣ ወይም በቀለምና በዝገት ላይ ትታሰራለች። ስትለኩ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ፤ አንዱን ጫፍ የባትሪው ማይነስ ላይ፣ ሌላውን የኮምፒውተሩ ማሳ እግር ላይ፤ ከዚያ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። የሚነበበው ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ጥሩ አይደለም፤ ብሎኑን ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳትና ማጥበቅ ነው። በኦም ብቻ የሚለኩ መካኒኮች አሉ፤ ግን ከብዙ ክሮች አንድ ክር ብቻ የቀረለት ገመድም በኦም ሲለካ ደህና ይመስላል። ኃይል እየተላለፈ ሲለካ ነው እውነቱ የሚወጣው።

ኃይልና ማሳ ደህና ሆነው ኮምፒውተሩ አሁንም ዝም ካለ፣ ከመፍረዳችን በፊት አንድ ቀሪ ምርመራ አለ። የቪትዙ ባለቤት ገንዘብ የጠፋው ይህ ምርመራ ሳይደረግ በመቅረቱ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ኮምፒውተሩ ለሴንሰሮቹ የሚሆን 5 ቮልት ራሱ አዘጋጅቶ ያወጣል። በቶዮታ ይህ እግር ቪሲ ይባላል። ከዚህ መስመር ላይ የስሮትል ሴንሰር፣ በአንዳንዱ ሞተር የአየር ግፊት የሚለካው የማፕ ሴንሰር፣ ሌሎችም ይመገባሉ። ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበትን ግቢ አስቡ፤ አንዱ ቤት ሾርት ሲያደርግ መብራቱ ከሁሉም ይጠፋል። እዚህም እንደዚያው ነው። አንዱ ሴንሰር ውስጡ ሾርት ካደረገ፣ ወይም ገመዱ ተልጦ ሞተሩን ከነካ፣ 5 ቮልቱ ወደ ዜሮ ይወድቃል። የኮምፒውተሩ የራሱ ፕሮሰሰር የሚሠራውም በዚሁ ቮልት ነውና በብዙ ቶዮታዎች ላይ አብሮ ይተኛል፦ ቼክ ኢንጂን አይበራም፣ ስካነርም አይገናኝም። ምልክቱ ሁሉ ከሞተ ኮምፒውተር ጋር አንድ ነው። ሳጥኑ ግን ጤነኛ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ቁልፉን ክፈቱ። የስሮትል ሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉና ዳሽቦርዱን እዩ። መብራቱ በራ? አልበራም። የማፕ ሴንሰሩን ንቀሉ። አሁንስ? እንዲህ እያላችሁ በ5 ቮልት የሚሠሩትን አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱ ሲነቀል ቢጫው መብራት ድንገት ቢበራ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። በቴስተር ማረጋገጥ የሚፈልግ ቪሲ እና ኢ2 በሚባሉት እግሮች መካከል ይለካ፤ ከ4.5 እስከ 5.5 ቮልት መገኘት አለበት። በነገራችን ላይ በቪትዝ ሞተሮች ላይ የክራንክ ሴንሰሩ የራሱን ምልክት ስለሚያመነጭ በዚህ መስመር ላይ የለም፤ እሱን በመንቀል ጊዜ አታጥፉ። ሴንሰሮቹ ሁሉ ተነቅለው መብራቱ ካልበራ ደግሞ በመሐል ያለው ገመድ ይፈተሽ፤ አይጥ የበላው፣ ከሞተሩ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ የተላጠ ቦታ አለ ወይ?

ሌላ ደግሞ ለኢትዮጵያ አድማጮቻችን። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ መኪኖች አሉን። መሪ ሲዞር ዳሽቦርዱ ወርዶ ገመዶች ይቆረጣሉ፣ ይቀጠላሉ። በፕላስተር ብቻ የተጠቀለለ ቅጥያ ከዓመታት በኋላ ኦክሳይድ ያበቅላል። እንዲህ ዓይነት መኪና «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ከተባለ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ቅጥያዎቹን ነው።

ስካነር የሚገናኝ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ፒ 0601 ወይም ፒ 0606 የሚሉ ኮዶች የሳጥኑን የውስጥ ችግር ያመለክታሉ፤ እነዚህም ቢሆኑ የባትሪና የማሳ ምርመራን አያስቀሩም። ዩ 0100 የሚለው ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ትርጉሙ «ሌሎቹ ሞጁሎች የሞተሩን ኮምፒውተር ሊሰሙት አልቻሉም» ነው። አለመሰማቱ ከኃይል ማጣት ወይም ከመገናኛ ገመድ መበጠስ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ኮድ አይቶ ሳጥን ማዘዝ ተገቢ አይደለም። በቆዩት ቶዮታዎች ላይ፣ ስካነር ባይኖርም፣ ኮፈን ሥር ባለችው የምርመራ ሶኬት ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ ብታገናኙና ቁልፍ ብትከፍቱ፣ ቼክ ኢንጂኑ ብልጭ እያለ ኮዱን ይቆጥርላችኋል።

እሺ፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ሳጥኑ በእርግጥ ተበላሽቶ ተገኘ። ተበላሽቶ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ሳጥኑን ከፍታችሁ እዩት፤ የተቃጠለ መስመር፣ የጠቆረ ትራንዚስተር፣ ወይም ካፓሲተሮች ሥር የፈሰሰ ቡናማ ፈሳሽ ይታያል። በፈረንጆቹ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ የጃፓን መኪኖች ላይ የካፓሲተር መፍሰስ የታወቀ በሽታ ነው፤ ፈሳሹ ቦርዱን ሳይበላ ከተደረሰበት ካፓሲተሮቹን ብቻ ቀይሮ ሳጥኑን ማዳን ይቻላል። ጥሩ እጅ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ያለበት ሰፈር ሀብታም ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ባለሙያ ፈልጉና ያዙት።

ከተቃጠለ ግን ጥያቄው ምን አቃጠለው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ለጋራዥ ወንድሞቻችን በቀጥታ መናገር እፈልጋለሁ። ዲናሞው ይሞላ እንደሆነ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የምትነቅሉ ብዙ ናችሁ። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ይባላል። ይህ ምርመራ በካርቡራተር ዘመን ብዙም ጉዳት አልነበረውም፤ አሁን ግን ኮምፒውተር ይገድላል። ባትሪው ሲነቀል ዲናሞው ሲያመነጭ የነበረው ኃይል መሄጃ ያጣና ቮልቱ ለቅጽበት ይዘላል። በዓለም አቀፉ የመኪና ኤሌክትሮኒክስ መመዘኛ ላይ ይህ ግፊት መከላከያ በሌለው ዲናሞ ከ79 እስከ 101 ቮልት ሊደርስ እንደሚችል ተቀምጧል። ዲናሞን ለመመርመር የባትሪውን ሁለት ጫፎች በቴስተር መለካት ብቻ ይበቃል፤ ሞተር እየሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካነበበ ይሞላል። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ የዲናሞው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ እሱ ሳይሠራ አዲስ ሳጥን ከተገጠመ ያው ዕጣ ይገጥመዋል።

ብየዳም አለ። የዕቃ መጫኛ፣ የኋላ መጋጫ፣ የበር ማጠፊያ ሲበየድ የባትሪው ገመድ ሳይነቀል በኤሌክትሪክ የሚበይዱ አሉ። የብየዳው ኃይል በቦዲው ሁሉ ነው የሚያልፈው፤ ኮምፒውተሩም ከቦዲው ጋር በማሳ የታሰረ ነው። ማይነሱን ነቅሎ መበየድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እባካችሁ አትለፉት። ከሌላ መኪና ባትሪ በገመድ ሲነሣ ፕላስና ማይነስ ማገላበጥም እንዲሁ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ውሃም አለ። ላቫጆ ላይ በከፍተኛ ግፊት ሞተር ማጠብ ጉዳቱን ብዙ ሰው ያውቃል። የማይታወቀው የኤሲው ውሃ ነው። ከበርበራ የባሕር ጠረፍ ሙቀት ወደ ሐርጌሳ ስትወጡ ኤሲው መንገዱን ሁሉ ይሠራል፤ የሚያጠራቅመው ውሃ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ወደ መሬት ይፈሳል። ያቺ ቱቦ በአቧራ ስትደፈን ውሃው ወደ መኪናው ውስጥ፣ ወደ ተሳፋሪው እግር ይገባል። ኮምፒውተሩም እዚያው ጎረቤት ነው። የተሳፋሪው ምንጣፍ ከረጠበ ቱቦዋን አስከፍቱ፤ የሳጥኑንም ሶኬት ነቅላችሁ አረንጓዴ ዝገት እንዳለበት እዩ።

የመጨረሻው ገዳይ ኮምፒውተሩ የሚያዝዘው ዕቃ ነው። ኢንጀክተር ውስጡ ሾርት ካደረገ እሱን የሚያዝዘው የሳጥኑ ትራንዚስተር ይቃጠላል። የብዙ ቤንዚን መኪኖች ኢንጀክተር ሲለካ ከ12 እስከ 16 ኦም አካባቢ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብሎ ከተገኘ እሱ ሳይቀየር ሌላ ሳጥን እንዳትገጥሙ። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ሚትሱቢሺዎች ላይ ደግሞ አይድሉን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) የምታስተካክለው ትንሽ ሞተር ሾርት እያደረገች ኮምፒውተር በማቃጠል ትታወቃለች።

አሁን ወደ ግዢው እንሂድ። ሳጥን በመልክ አይገዛም። የቶዮታ የሞተር ኮምፒውተር ላይ በ89661 የሚጀምር ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ከዚያ የሚቀጥሉት አምስት ምልክቶች ናቸው ወሳኞቹ። ቪትዝን ብቻ ብንወስድ በፈረንጆቹ 1999 የወጣው የመጀመሪያው ትውልድ 1.0፣ 1.3 እና 1.5 ሊትር ሞተር አለው፤ አውቶማቲክ አለ፣ ማንዋል አለ፣ በአራት ጎማ የሚነዳም አለ፣ ሁሉም የየራሱ ሳጥን አለው። የሳጥኑን ጽሑፍ በስልካችሁ በግልጽ ፎቶ አንሡና ለሻጩ ላኩ፤ እሱም ያለውን ሳጥን ፎቶ ይላክላችሁ። ሙሉ ቁጥሩ ካልገጠመ ገንዘብ አትላኩ። «ያው ቪትዝ ነው፣ ይሠራል» የሚለውን አትቀበሉ።

ከሐርጌሳ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወይም ከኢትዮጵያ ወደ ሐርጌሳ ዕቃ ለምትልኩ ደግሞ ይህን ልጨምር። አዲስ አበባ ቪትዝ ብለን ከምንጠራቸው ብዙዎቹ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብለው የተሸጡ ባለ ግራ መሪ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከፈረንጆቹ 1998 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ የሌባ መከላከያ ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው አስገድዷል፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩት የዚያ ዘመን ቪትዞች ብዙዎቹ ግን ይህ የላቸውም። ኢሞቢላይዘር ባለው መኪና ኮምፒውተሩ የቁልፉን ቺፕ ካላወቀው ነዳጅ አይሰጥም። ስለዚህ ሳጥን ከፈረሰ መኪና ስትገዙ ቁልፉንና የቁልፍ አንባቢውን አብራችሁ ጠይቁ፤ አንድ ላይ ከተገዙ ጣጣው ይቀንሳል። ይህ ካልተገኘ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ በአንዳንድ ቶዮታዎች፣ በመሪው ሥር ባለችው ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት ውስጥ 4ኛውንና 13ኛውን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ ከፍቶ 30 ደቂቃ መተው ነው፤ ኮምፒውተሩና ኢሞቢላይዘሩ በዚያ ጊዜ ይተዋወቃሉ። በነዚያ 30 ደቂቃዎች ባትሪው እንዳይደክም ቻርጀር አድርጉለት። ሁለተኛው፣ ከአሮጌው ቦርድ ላይ የቁልፉን መረጃ የያዘችውን ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ነቅሎ ወደ አዲሱ ማዛወር፣ ወይም መረጃዋን በማሽን መገልበጥ ነው። ይህ የጠጋኙ ሥራ ነው፤ በወፍራም የብየዳ ብረት አይሞከርም።

መግጠሙ ራሱ አጭር ነው። ቁልፉን አውጡ፣ የባትሪውን ማይነስ ንቀሉ፣ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ፤ ይህ ኤርባጉ ያጠራቀመው ኃይል እንዲወጣ ነው። ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት የመኪናውን ብረት ንኩ፤ በደረቅ አየር በሰውነታችን የሚከማቸው ኤሌክትሪክ ቺፕ ይጎዳል። ሶኬቱን በመያዣው እንጂ በገመዱ አትጎትቱት። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩ ለጥቂት ቀናት አይድሉ ከፍና ዝቅ ቢል አትደንግጡ፤ አዲሱ ሳጥን ሞተሩን ገና እየተማረ ነው። ኤሲ፣ መብራትና ማራገቢያ ሁሉ ጠፍቶ ሞተሩ እስኪሞቅ በአይድል እንዲሠራ ተዉት፤ ከዚያ ነድታችሁ ኮዱን እንደገና አስነብቡ።

ስለ ኤርባግ ኮምፒውተር አንድ ማሳሰቢያ። ቁጥሩ በ89170 ይጀምራል። ከተጋጨ መኪና የወጣ የኤርባግ ሳጥን የግጭቱን መረጃ በውስጡ ይዞ ስለሚቆይ ሌላ መኪና ላይ አይገጠም። የሰው ሕይወት ነው፤ በርካሽ ተገኘ ተብሎ የሚወሰድ ዕቃ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከልክሏል። በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ከእንግዲህ ረጅም ዓመት ማገልገል አለባቸው ማለት ነው። ስለዚህ አሮጌውን ሳጥን መካኒኩ ጋ ትታችሁ አትሂዱ። ተቃጥሏል ቢባልም የቁልፉ መረጃ ያለባት ቺፕ በውስጡ ደህና ልትሆን ትችላለች፤ አዲሱ ነገ ቢበላሽ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሷን ነው። ሳጥኑ ላይ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥርና የተነቀለበትን ቀን ጻፉበት፣ በደረቅ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ቤት አስቀምጡት።